ጥቅምት ላይ ተቀጥሮ ሰኔ ላይ የለቀቀው ሰውዬ

ሐረር ውስጥ ከፈረስ መጋላ ወደ ጊደር መጋላ የሚወስደው ጠባብ መንገድ «ማኪና ግርግር» ይባላል። ስሙን ያወጡለት ግራና ቀኝ የሚንጫጩት የልብስ ስፌት መኪኖች ናቸው። ጨርቁን ከአጠገብ የገዛ ሰው እዚያው ቆሞ ይለካል፤ ሰፊው ሜትሩን ከትከሻ እስከ አንጓ ይዘረጋል፣ ወገብ ያዞራል፣ ቁጥሩን ይጽፋል። የአንዱን ልክ ለሌላው አይቆርጥም።

ከጁገል ግንብ ወጣ ሲባል ግን ሌላ ዓይነት ስፌት አለ። ኮምፒውተር ጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ቤት ገብቶ «ሲቪ ሥራልኝ» የሚል ተመራቂን ልኩን የሚጠይቀው የለም። ጸሐፊው ባለፈው ሳምንት ለሌላ ሰው የሠራውን ፋይል ይከፍታል፤ ስም ይቀይራል፣ ስልክ ይቀይራል፣ ያትማል። አንዳንዴ የፋይሉ የቀድሞ ባለቤት ስም መጨረሻው ገጽ ላይ፣ ፊርማው ሥር፣ ተረስቶ ይቀራል። የቀረው ይታወቃል፦ ፆታ፣ የትውልድ ዘመን፣ የጋብቻ ሁኔታ፣ «ትርፍ ጊዜ፦ ማንበብና ስፖርት ማየት»፣ «አማርኛ፦ እጅግ በጣም ጥሩ፤ እንግሊዝኛ፦ በጣም ጥሩ»። ነርሷም፣ መሐንዲሱም፣ የሒሳብ ባለሙያውም አንድ ልብስ ለብሰው ይወጣሉ።

አገር ውስጥ ይህ ብዙ አይጎዳ ይሆናል። ቀጣሪው የመመረቂያ ነጥብ አይቶ ለፈተና ይጠራል፤ ሲቪው ፋይል ማሟያ ነው። ባሕር ማዶ ላለ ቀጣሪ ግን አመልካቹ ማለት ያ ወረቀት ነው። ሐረርን በካርታ ላይ የማያውቅ ሰው ነው የሚያነበው።

መጀመሪያ የሚደናቀፈው በዘመን አቆጣጠሩ ነው። በ2011 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ ተቀጥሮ፣ በዚያው ዓመት ሰኔ ላይ የለቀቀ አንድ ባለሙያ እንውሰድ። ወደ ፈረንጅ አቆጣጠር ሲገለብጥ በሁለቱም ላይ ስምንት ከጨመረ፣ ኦክቶበር 2019 ተቀጥሮ ጁን 2019 ለቀቀ ማለት ነው፤ ሳይቀጠር ለቋል። በሁለቱም ላይ ሰባት ቢጨምርም ያው ነው። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ ልዩነቱ ሰባት፣ ከዚያ ወዲያ ስምንት ስለሆነ፣ ትክክለኛው ከኦክቶበር 2018 እስከ ጁን 2019 ነው። ጭራሽ ሳይገለብጥ «2011» ብሎ የላከውማ ስምንት ዓመት ሥራ ፈትቶ የተቀመጠ ይመስላል። ውጭ ያለው አንባቢ ደውሎ አይጠይቅም፤ ወደሚቀጥለው ያልፋል።

ስምም አለ። በሐረር አንድ ሙሐመድ ፓስፖርቱ ላይ በአንድ «ኤም»፣ ዲግሪው ላይ በሁለት፣ የሥራ ልምድ ደብዳቤው ላይ ደግሞ «ዩ» የነበረው ወደ «ኦ» ተቀይሮ ሊገኝ ይችላል። ለቀበሌ ጎረቤቱ ሦስቱም እሱ ናቸው። በሳዑዲ ዓረቢያ ወይም በዱባይ የጤና ባለሙያ ፈቃድ ለሚጠይቅ ግን ሰነዱን ዳታፍሎው የተባለው ድርጅት ከምንጩ፣ ማለትም ከዩኒቨርሲቲውና ከቀድሞ ቀጣሪው፣ ያጣራል፤ እዚያ ሦስት ሆሄያት ሦስት ሰዎች ናቸው። የቤተሰብ ስም የሚለው ሣጥን ውስጥ የአባት ይግባ የአያት የሚለው ክርክርም መፍትሔው አንድ ነው፦ ፓስፖርቱ ያለውን መከተል፣ ከዚያም በሁሉም ወረቀት ላይ አለመለወጥ።

ፎቶና የጋብቻ ሁኔታ እንደ አገሩ ነው። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. የ1964ቱ የሲቪል መብቶች ሕግ በዘር፣ በሃይማኖትና በፆታ፣ የ1967ቱ ደግሞ በዕድሜ ማዳላትን ስለከለከሉ፣ ቀጣሪው እነዚህን ባያይ ይመርጣል። የገልፍ አገሮች ቀጣሪዎች ፎቶ መጠየቃቸው የተለመደ ነው፤ ጀርመኖችም ዛሬ ግዴታ ባይሆንም ለምደውታል።

ዋናው ሕመም ግን ሌላ ቦታ ነው፤ «የሥራ ልምድ» የሚለው ክፍል ውስጥ። በሕይወት ፋና ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል የሠራች ነርስ ብትኖር፣ ሲቪዋ ላይ የምናገኘው ይህ ነው፦ «ለታካሚዎች የነርሲንግ አገልግሎት መስጠት፤ ከቅርብ አለቃ የሚሰጡ ሌሎች ተግባራትን ማከናወን»። ይህ የመደቡ መግለጫ ነው፤ ማንም በቦታው ቢቀመጥ ያው ነው። እሷ የሠራችው የት አለ? ክፍሉ ስንት አልጋ ነበረው፣ በአንድ የሌሊት ተራ ስንት ነርስ ይገባ ነበር፣ የመኪና አደጋ ሲመጣ ማን አስቀድሞ ይታይ የሚለውን የምትወስነው እሷ ነበረች ወይ፣ ስንት አዲስ ነርሶችን አለማመደች? ቃለ መጠይቅ ላይ ተጠይቃ የምትመልሰው ቁጥር ከአሥር «ታታሪና ተግባቢ» ይበልጣል።

እንዲህ ያለ መስመር ምን እንደሚመስል ለማየት ብዙ መራቅ አያስፈልግም። ፕሮፌሰር ገቢሳ እጀታ የመጀመሪያ ዲግሪያቸውን በ1973 እ.ኤ.አ. ያገኙት ሐረር አፍንጫ ሥር ካለው፣ ያኔ ዓለማያ ይባል ከነበረው ኮሌጅ ነው። ከእሳቸው የሥራ ታሪክ አንዱ መስመር፦ ድርቅ የሚቋቋም ዲቃላ ማሽላ፣ ሐጊን ዱራ 1፣ ሱዳን፣ 1983። ምን፣ የት፣ መቼ። በ2009 የዓለም የምግብ ሽልማትን ሲያገኙ የተነገረላቸውም ይኸው ሥራ ነው።

ሐረር የራሷ ታሪካዊ ሥራ አመልካችም አላት። ፈረንሳዊው ገጣሚ አርተር ራምቦ ወደዚህች ከተማ ከመምጣቱ ሦስት ዓመት ቀደም ብሎ፣ እ.ኤ.አ. ሜይ 14 ቀን 1877፣ ጀርመን ብሬመን ለነበረው የአሜሪካ ቆንስል በእንግሊዝኛ አጭር ደብዳቤ ጻፈ፤ በባሕር ኃይላቸው መቀጠር ፈልጎ። የደብዳቤው ግማሽ ግሩም ነው። የሚችላቸውን አምስት ቋንቋዎች ይዘረዝራል፤ በስኮትላንድ መርከብ ላይ ከጃቫ እስከ አየርላንድ ለአራት ወር መርከበኛ ሆኖ እንደሠራ፣ ከየትኛው ወር እስከ የትኛው ወር እንደሆነ ጭምር፣ ይናገራል። ሌላው ግማሽ ግን ጉድ ነው። ሃያ ሁለት ዓመቱ ሆኖ ሳለ ሃያ ሦስት ይላል። ከፈረንሳይ ጦር 47ኛ ሬጅመንት መክዳቱን ይጽፋል፤ እውነቱ የከዳው በጃቫ የነበረውን የሆላንድ ጦር ነው፣ 47ኛው አባቱ ያገለገሉበት ነው። ለመሆኑ ለጦር የሚያመለክት ሰው «ከሠራዊት ኮብልያለሁ» ብሎ በገዛ እጁ ይጽፋል? የአሜሪካን መርከብ ሳይሳፈር ቀረ።

በ1880 በኤደን ወደብ የባርዴይን የንግድ ኩባንያ በር ለራምቦ የከፈተለት የአንድ ፈረንሳዊ ነጋዴ የድጋፍ ቃል ነበር። ሪፈረንስ የሚባለው ይህ ነው፤ የዛሬው አመልካች ግን ከሦስት ዓመት በፊት ስልኩን የቀየረ አለቃ ስም ይሞላል። ራምቦ ቡና ሲያስለቅም ቆይቶ በዚያው ዓመት ዲሴምበር ላይ፣ ግብፆች ይገዟት ወደነበረችው ሐረር ገባ። (ጁገል ውስጥ በስሙ የሚጠራው ያማረ ቤት እሱ ከሞተ በኋላ አንድ የህንድ ነጋዴ ያሠራው ነው። የቤቱም ሲቪ ቢጣራ ይወድቃል።)

ከራምቦ ደብዳቤ የሐረር ልጅ ሊወስደው የሚገባ አንድ ነገር ቢኖር የቋንቋው መስመር ነው። ጊደር መጋላ በሐረሪ «ትልቁ ገበያ» ማለት ነው፤ እዚያ የምትሸጥ ሴት ከገበሬው ጋር በኦሮምኛ ተከራክራ፣ ለጂጂጋው ነጋዴ በሶማሊኛ መልስ ሰጥታ፣ ከጎረቤቷ ጋር በሐረሪ ትስቃለች። ልጇም ይህንኑ ሰምታ አድጋለች። ሚኒሶታ ውስጥ ብዙ የሶማሌና የኦሮሞ ማኅበረሰብ ስላለ፣ እዚያ ያሉ ሆስፒታሎች በእነዚህ ቋንቋዎች ለማስተርጎም ሰው ይቀጥራሉ፤ ሁለቱንም የምትናገር ነርስ ስትመጣላቸው ምን እንደሚሉ መገመት አይከብድም። አውሮፓ የምታመለክት ከሆነ ከኤ1 እስከ ሲ2 ባለው ባለ ስድስት ደረጃ መለኪያ እያንዳንዱን ቋንቋ ለይታ ማስቀመጥ ትችላለች፦ መናገሩ ሲ1፣ መጻፉ ኤ2 ከሆነም እንደዚያው።

ጽሕፈት ቤቱ ያለው ፋይል ላይ ግን የቋንቋው ሠንጠረዥ ሁለት መስመር ብቻ ነው፤ አማርኛና እንግሊዝኛ።