ነውሩ የአታላዩ እንጂ የየዋሁ አይደለም

የሰው ቃል በቶሎ የሚያሸንፈውን፣ የነገሩትን ሳይመረምር የሚቀበለውንና ወደ መሩት የሚሄደውን ሰው ለመግለጽ አማርኛችን የቃል ችግር የለበትም፤ የዋህ፣ ገራገር፣ ተላላ፣ ሞኝ፣ ወላዋይ፣ አድርባይ የሚሉት ስሞች ሁሉ በዚሁ ዙሪያ የቆሙ ናቸውና። ነገር ግን የስሞቹ ብዛት የፍርዳችንን ቅንነት አላተረፈልንም፤ በገርነቱ የተታለለውን ሞኝ ብለን ስናሳፍር፣ ያታለለውን ብልጥ፣ ከባለጊዜው ጋር የሚዞረውንም ኑሮ ያወቀ ብለን ስናሞግስ እንገኛለን። ነውሩን ከበዳዩ ትከሻ አውርዶ በተበደለው ላይ የሚጭነው ይህ ልማድ እንደ ቀላል የአነጋገር ጉድለት ሊታለፍ የማይገባው፣ አገርን የሚጎዳ የፍርድ መዛባት ነው።

የዋህ የሚለው ስም ከግእዝ የወረስነው ሲሆን፣ በቅዱሳት መጻሕፍት ትሕትናን፣ ገርነትንና ተንኰል የሌለበትን ልብ ያመለክታል። ጌታ በተራራው ስብከቱ ምድርን እንዲወርሱ ተስፋ የሰጣቸው የዋሃንን ነው፤ ራሱንም በዚሁ ስም ጠርቷል። ደቀ መዛሙርቱን ለስብከት ሲልክ የእባብን ልባምነት ከርግብ የዋህነት ጋር እንዲያስተባብሩ አዘዛቸው እንጂ፣ ልባሞች ይሆኑ ዘንድ የዋህነታቸውን እንዲጥሉ አላዘዛቸውም። የዋህ ሰው ሌላውን የሚያምነው እርሱ ራሱ መዋሸትን ስለማያውቅ ነው፤ ልምድ ቢጐድለው እንኳ በጎነት አልጐደለውም። ተላላ ከእርሱ ይለያል፤ መጠየቅ ሲቻለው ያልጠየቀ፣ ለመመርመር ጊዜ ሳለው የቸኰለ በመሆኑ ምክርና ተግሣጽ ይገባዋል። አድርባይ ግን ከሁለቱም ወገን አይደለም፤ እውነቱን አውቆ፣ ትርፉን አስልቶ፣ ኃይል ወዳለበት የሚያዘነብል ነውና፣ ሌሎች የመሩት መስሎ ቢታይም የመራው የገዛ ጥቅሙ ነው። የሰሎሞን ልጅ ሮብዓም የሽማግሌዎቹንም የአብሮ አደጎቹንም ምክር ከሰማ በኋላ ለትዕቢቱ የተስማማውን መርጦ ዐሥሩን ነገድ ባጣ ጊዜ፣ በመካሪ የተሳሳተ የዋህ ንጉሥ ሊባል አይገባውም ነበር፤ መካሪዎቹ መንገዱን ቢያሳዩት የሄደበት ፈቃዱ ነውና።

በእነዚህ መካከል ወላዋዩ ቆሟል፤ እርሱንም ቢሆን ለመናቅ የሚቸኩል ሰው፣ በዋርሶ ተወልዶ በአሜሪካ ያስተማረው የሥነ ልቡና ሊቅ ሰሎሞን አሽ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1951 ያሳተመውን ጥናት ቢያስብ ይታረማል። አሽ ተማሪዎችን በቡድን አስቀምጦ፣ በአንድ ካርድ ላይ ከተሰመረው መስመር ጋር በርዝመት የሚተካከለውን በሌላው ካርድ ላይ ካሉት ከሦስቱ እንዲለዩ ጠየቃቸው፤ ነገሩ ሕፃን እንኳ የማይስተው ነበር። ነገር ግን ከአንዱ በቀር ሁሉም አስቀድመው ከመርማሪው ጋር የተስማሙ ነበሩና፣ እነርሱ በአንድ ድምፅ የተሳሳተውን መስመር በመረጡ ጊዜ፣ ምስጢሩን ያላወቀው ያ አንዱ ዓይኑ የሚያየውን ትቶ ከመልሶቹ በሲሶ ያህሉ ተከተላቸው፤ ከአራት ተፈታኞችም ሦስቱ ያህል ቢያንስ አንድ ጊዜ ተሸንፈዋል። እነዚህ ሰዎች የኮሌጅ ተማሪዎች ነበሩ እንጂ ቂሎች አልነበሩም፤ ከብዙኃኑ መለየትን መፍራት፣ እኛ ይሉኝታ የምንለው ያ ኃይል፣ ከማንም ልብ የማይርቅ ስለ ሆነ ነው። ከሁሉ ይልቅ ልብ ልንለው የሚገባው ግን ከዚህ የሚከተለው ነው፦ ከቡድኑ አንድ ሰው ብቻ እውነተኛውን መልስ እንዲናገር በተደረገ ጊዜ፣ የተፈታኙ ስሕተት ወደ ሩቡ ያህል ወረደ። እንግዲህ ወላዋዩን ያጸናው ስድብም ውርደትም አይደለም፤ አብሮት የሚቆም አንድ እውነተኛ ሰው ነው።

ሕግም በዚህ ነገር ከአንደበታችን ይልቅ ርኅሩኅ ሆኖ ይገኛል። በ1952 ዓ.ም. የታወጀው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በቁጥር 1710፣ የተዋዋዩን ችግር፣ የአእምሮውን ገርነት፣ እርጅናውን ወይም በንግድ ሥራ ልምድ ማጣቱን መሣሪያ በማድረግ የተገኘ ፈቃድ ያለበት ውል፣ ፍትሕ ሲያስገድድ ሊፈርስ እንዲችል ደንግጓል። በሰው መነገድን ለመከላከል እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2000 የተባበሩት መንግሥታት ያጸደቀው ፕሮቶኮልም፣ በማታለል ወይም በማስገደድ የተገኘ ፈቃድ ለነጋዴው መከላከያ እንዳይሆነው አድርጓል። ይህ ሁሉ ተደንግጎ ሳለ ግን፣ ደላላ የማይገኝ ደመወዝ ተስፋ ሰጥቷት ወደ ዐረብ አገር የሄደችውን ልጅ፣ ወይም ‹ሽልማት ወጥቶልዎታል› የሚል የስልክ ድምፅ ሰምተው ያጠራቀሙትን የላኩትን አዛውንት፣ ጎረቤት በሳቅ፣ ዘመድ በወቀሳ ይቀበላቸዋል።

ሞኝን እባብ ሁለት ጊዜ ነከሰው፤ አንድ ጊዜ ሳያይ፣ ሁለተኛ ሊያሳይ የሚለው ተረታችን በሞኙ ላይ እንድንስቅ የተተረተ ቢሆንም፣ ዛሬ የሚደርሰውን በደል በትክክል ይገልጠዋል። የተታለለው ሰው የደረሰበትን ገልጦ ሌላውን ሊያስጠነቅቅ በወጣ ጊዜ፣ ሁለተኛውን ንክሻ የሚያገኘው ከእኛ አፍ ነው። ስለዚህ ብዙዎች አፍረው ዝም ይላሉ፤ ክስ አያቀርቡም፣ ለልጆቻቸው እንኳ አይነግሩም፤ አታላዩም በእነርሱ ዝምታ ተሸሽጎ ወደሚቀጥለው ቤት ይሻገራል። በኦሪት ዘፍጥረት የምናነበው የመጀመሪያው የማታለል ፍርድ እንዲህ አልነበረም፤ አዳምና ሔዋን ቅጣታቸውን ቢቀበሉም፣ አስቀድሞ የተረገመው እባቡ ነው፤ ለሁለቱ ግን ከቅጣቱ ጋር የድኅነት ተስፋ አልተለያቸውም።

ይህን ስል ሰው ጥንቃቄን አይማር ማለቴ አይደለም፤ ልባምነት የሌለው የዋህነት ለቀማኛ የተከፈተ ደጅ መሆኑ አይካድም። ነገር ግን ጥንቃቄ የሚማሩት የተጎዱት ያለ ኀፍረት ሲናገሩና የቀሩት በአክብሮት ሲያደምጡ ነው። ስለዚህ ወላጆች ልጆቻቸውን ‹እንዴት ተሞኘህ?› ከማለት አስቀድመው ‹ማን አታለለህ? ምንስ ብሎ?› ብለው ይጠይቁ፤ የዕድርና የሰበካ ጉባኤ ሽማግሌዎች የተታለለውን ወደ ፖሊስና ወደ ፍርድ ቤት አብረውት ይሂዱ፤ ጋዜጦችም ያታለለውን የሚያሞግስ ጽሕፈት ትተው የማታለያውን ስልት ይግለጡ። የዋሁን የዋህ፣ አድርባዩን አድርባይ፣ ሌባውንም ሌባ ብሎ በየስሙ የሚጠራ ሕዝብ፣ አታላይ የሚከብርበትን ሥፍራ ያሳጣዋል።