ሜዳሊያው ይቆየንና ቃለ ጉባኤውን አምጡ

ሰሞኑን አንድ የቀድሞ ተማሪዬ «መምህር፣ የድሮ ቃለ ጉባኤ ለማን ይጠቅማል? ታሪክ የሚሠራው ሰው እንጂ ወረቀት አይደለም» አለኝ። እዚሁ ልመልስለት፤ እንዲህ የሚያስበው እሱ ብቻ አይደለምና።

ፋይ ቤታ ካፓን ታውቁታላችሁ? የአሜሪካ አንጋፋው የምርጥ ተማሪዎች ማኅበር ነው። ዛሬ ስሙ ሲነሳ ትዝ የሚለው የወርቅ ቁልፉና ከፍተኛ ውጤት ነው። እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 5 ቀን 1776 በቨርጂኒያው ዊሊያም ኤንድ ሜሪ ኮሌጅ ሲመሠረት ግን የጥቂት ወጣቶች ሚስጥራዊ ማኅበር ነበር። ይጽፋሉ፣ ይከራከራሉ፣ የተባለውንም ይመዘግባሉ። ይህን በምን አወቅን? በመዝገቡ!

በ1781 መጀመሪያ የእንግሊዝ ጦር ሲቃረብ ልጆቹ ምን አደረጉ? ወረቀታቸውን አሽገው ለኮሌጁ መጋቢ በአደራ ሰጥተው ተበተኑ። አስቡት፤ ጦር እየመጣ የሚያስጨንቃቸው ቃለ ጉባኤ ነው።

መዝገብ ገድል ለማውራት ብቻ የሚጠቅም የመሰላችሁም ተሳስታችኋል። ያጋልጣልም። ከተከራከሩባቸው ርዕሶች አንዱ የአፍሪካውያን ባርነት ፍትሐዊ ነው ወይ የሚል ነበር። ከአባላቱ አንዱ፣ በኋላ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ዋና ዳኛ የሆነው ጆን ማርሻል፣ እስኪሞት ባሮች ነበሩት። እንግዲህ ማንም ተነስቶ «በዚያ ዘመን ጥያቄው አልተነሳም ነበር» ሊለን አይችልም። ተጽፏላ!

ወደ እኛ ልምጣ። ባስተማርኩበት አንድ ግቢ የተማሪዎች ክርክር ክበብ የዓመታት መዝገብ ነበረው። ቢሮ ሲቀየር «አሮጌ ወረቀት» ተብሎ በማዳበሪያ ታጭቆ ወጣ። እኔም እዚያው ነበርኩ፤ አይቼ ዝም አልኩ። ስለዚህ ስወቅስ ራሴንም ጨምሬ ነው። ዛሬ ክበቡ በዓሉን ሲያከብር ባነር፣ ኬክና ቲሸርት አያጣም። መሥራቾቹ እነማን ናቸው ስትሉ ግን ሦስት ሰው ሦስት ዓይነት ያወራል። የሚዳኝ ወረቀት የለማ።

በጀት የለም አትበሉኝ። እነዚያ ልጆች የነበራቸው ደብተርና ቀለም ነው። የእናንተ ኪስ ውስጥ ካሜራ አለ። የክበብ ጸሐፊ የነበራችሁ ልጆቼ፣ ቤታችሁ የቀረ ደብተር ካለ አውጡት። ገጽ በገጽ ፎቶ አንሱት። ዋናውን ለቤተ መጻሕፍት አስረክቡ። የርክክብ ፊርማም ተቀበሉ፤ ፊርማ ብያለሁ!

የተገኘ ካለ በኢንቦክስ ጻፉልኝ። አንዲት ገጽም ብትሆን።