ባትሪው ያለ ጥፋቱ ይከሰሳል

በደሴም ሆነ በኮምቦልቻ የሞተር ብስክሌትና የባጃጅ መለዋወጫ ዕቃ በሚሸጥበት ሱቅ በር ላይ ግማሽ ቀን የቆመ ሰው አንድ ነገር ሳያስተውል አይቀርም፡፡ ይኸውም ባለ ሞተሩ የሞተ ባትሪ በእጁ ይዞ ይመጣል፤ ባለ ሱቁም አዲስ ባትሪ ከመደርደሪያው ያወርዳል፤ ጥቂት የዋጋ ክርክር ይደረጋል፤ ገንዘቡ ይቆጠራል፤ ገዢውም ይሄዳል፡፡ ከሁለት ወይም ከሦስት ወር በኋላ ያው ሰው ያንኑ ባትሪ ይዞ ሲመለስ ግን ንግግሩ ይለወጣል፡፡ ገዢው ‹‹ጋሼ፣ የሸጡልኝ አሮጌ ነው›› ይላል፤ ሻጩም ‹‹ልጄ፣ ያበላሸው አያያዝህ ነው›› ብሎ ይመልሳል፡፡ እውነተኛው ጥፋተኛ ግን በዚያ ሰዓት ከሱቁ ውጭ፣ በቆመው ሞተር ጎን ላይ ተሰክቶ፣ ማንም ሳይጠይቀው ይቀራል፡፡

ነገሩን ለመረዳት የመካኒክነት ትምህርት አያስፈልግም፡፡ ባትሪ ከራሱ የሚያመነጨው ኃይል የለውም፤ እንደ ጎተራ የገባለትን ይዞ የሚያቆይ ነው፡፡ ወደ ጎተራው የሚያስገባለት ከሞተሩ ጋራ የሚዞረው ማግኔትና በማግኔቱ መካከል የተቀመጠው የመዳብ ሽቦ ጥቅል፣ ማለት እስታተር የሚባለው ነው፡፡ ከዚህ ጥቅል የሚወጣው ኮረንቲ አቅጣጫውን እየለዋወጠ የሚሄድ፣ ኃይሉም ከሞተሩ ፍጥነት ጋራ ከፍና ዝቅ የሚል ስለ ሆነ እንዳለ ለባትሪ አይስማማም፡፡ ስለዚህ በሁለቱ መካከል ሬጉሌተር የሚባለው ክንፋም የአሉሚኒየም ዕቃ ተቀምጧል፤ ኮረንቲውን በአንድ አቅጣጫ ያስኬዳል፤ የበዛውንም ይገታል፡፡

የበዛውን የሚገታበት መንገድ ግን ለነጋዴው ሊታወቅ የሚገባው ነው፡፡ በብዙ ሞተር ብስክሌቶች ላይ የሚገኘው ዓይነት ሬጉሌተር ትርፉን ኮረንቲ ከምንጩ አያቆመውም፤ አሳጥሮ ወደ መጣበት ይመልሰዋል እንጂ፡፡ በዚህም ምክንያት ባትሪው ሞልቶ፣ መብራቱም ጠፍቶ ሳለ እስታተሩ ሙሉ ጭነት እንደ ተሸከመ ይሠራል፤ ሙቀቱም ከፊሉ በሽቦው ጥቅል፣ ከፊሉ በሬጉሌተሩ ላይ ያርፋል፡፡ አንዳንድ ባለ ሞተሮች የፊት መብራቱን አምፑል አውጥተው ጥቂት ዋት በሚበላው በኤል ኢ ዲ ሲተኩት ለሞተሩ ሸክም ያራገፉለት ይመስላቸዋል፡፡ እንዲህ ባለው ሬጉሌተር ላይ ግን ከመብራቱ የተራገፈው ሸክም በሬጉሌተሩ ጫንቃ ላይ ይወድቃል፡፡ አምፑሉን የሚሸጠው ሱቅ ይህን ለገዢው ቢነግረው መልካም ነበር፡፡

አሁን ወደ መንገዱ እንመለስ፡፡ ከኮምቦልቻ እስከ ደሴ ያለው ርቀት 25 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነው፡፡ ነገር ግን ኮምቦልቻ ከባሕር ወለል በላይ በ1,850 ሜትር ገደማ ላይ ስትገኝ ደሴ ወደ 2,500 ሜትር ትጠጋለች፡፡ ከኋላው ሰውና ዕቃ ጭኖ የሐረጎን ዳገት የሚወጣ ሞተር ብስክሌት በዝቅተኛ ማርሽ፣ ሞተሩን እያስጮኸ፣ በዝግታ ይጓዛል፡፡ ሞተሩ በፍጥነት ስለሚዞር እስታተሩ የሚያወጣው ኮረንቲ ብዙ ነው፤ ተሽከርካሪው ራሱ ግን ቀስ ስለሚል ሬጉሌተሩን የሚያበርደው ነፋስ አያገኝም፡፡ የደሴ ብርድ ሞተሩን ይጠብቀዋል የሚል ሰው ግማሽ እውነት ይዟል፤ አየሩ ቀዝቃዛ መሆኑ ይረዳል፡፡ ሆኖም በዚህ ከፍታ ላይ ያለው አየር ከባሕር ዳርቻው አየር ከአንድ አምስተኛ በላይ የሳሳ ስለ ሆነ ሙቀትን ተሸክሞ የመሄድ አቅሙ ይቀንሳል፡፡ በቆላ አገር ሜዳ ላይ ተፈትኖ ያለፈ ዕቃ በዚህ ዳገት ላይ ያንኑ ያህል ይቆያል ብሎ መተማመን አይቻልም፡፡

በከተማው ውስጥ ብቻ የሚመላለሰው ባጃጅ ችግሩ ሌላ ነው፡፡ ተሳፋሪ ለማንሣት በየመቶ ሜትሩ ይቆማል፤ ሞተሩ በዝግታ እየዞረ ይጠብቃል፤ በዚያ ሁሉ ጊዜ ክላክሱ፣ መብራቱ፣ ይልቁንም ወጣቱ ነጂ የጨመረው ሙዚቃና ባለ ቀለም ጌጥ መብራት ከባትሪው ይበላሉ፡፡ የገባው ከወጣው ያንሳል፡፡ ባትሪ በራብም ይሞታል፣ በጥጋብም ይሞታል፤ ለሻጩ ሁለቱም አንድ ዓይነት ሬሳ ሆነው ይታዩታል፡፡

ክረምት ሲገባ ደግሞ ሦስተኛ ነገር ይጨመራል፡፡ የሐምሌና የነሐሴ ዝናብ፣ ጭጋጉና ጭቃው ሽቦዎቹ በሚገናኙበት ማያያዣ ውስጥ ይገባል፡፡ መዳቡ አረንጓዴ ዝገት ያወጣል፤ መጋጠሚያው ይላላል፤ ኮረንቲው በዚያች በጠበበች መንገድ ለማለፍ ሲታገል ያሞቃታል፤ ሙቀቱም መጋጠሚያውን የባሰ ያላላዋል፡፡ ነጭ የነበረው ፕላስቲክ ቢጫ፣ ከዚያም ቡናማ ሆኖ በመጨረሻ ይቀልጣል፡፡ ይህን ያየ የመንገድ ዳር ጠጋኝ ማያያዣውን ቆርጦ ይጥልና ሽቦውን ከሽቦው ጋራ ጠምዝዞ በናስትሮ ይጠቀልለዋል፡፡ ለዚያ ቀን ይሠራል፤ በሚቀጥለው ዝናብ ግን ውኃው በናስትሮው ውስጥ ይገባል፤ መውጫም የለውም፡፡

እንግዲህ ባለ ሱቁ ምን ያድርግ? በአንድ ቃል፣ ሳይለካ ባትሪ አይሽጥ፡፡ ቴስተር የሚባለው የቮልት መለኪያ ነጋዴው ከሚሸጣቸው ብዙ ዕቃዎች በዋጋ የሚበልጥ አይደለም፤ አጠቃቀሙንም የሱቁ ልጅ በአንድ ከሰዓት በኋላ ይማረዋል፡፡ ጤነኛና ሙሉ የሆነ ባለ 12 ቮልት ባትሪ ሞተሩ ጠፍቶ ዕረፍት ካደረገ በኋላ ሲለካ 12.6 ቮልት ያህል ያሳያል፡፡ ሞተሩ ተነሥቶ በመካከለኛ ፍጥነት ሲዞር ቁጥሩ ከ13.5 እስከ 14.5 ቮልት ባለው ውስጥ ሊሆን ይገባዋል፡፡ ከ13 በታች ከቀረ ባትሪው እየተራበ ነው፤ እስታተሩ፣ ሬጉሌተሩ ወይም ሽቦው ይመርመር፡፡ ከ15 በላይ ከወጣ ሬጉሌተሩ የበዛውን መግታት አቅቶታል ማለት ነውና ባትሪው ውስጡ ፈልቶ ይደርቃል ወይም ሆዱ ይነፋል፤ በዚያ ሞተር ላይ አዲስ ባትሪ ማኖር የገዢውን ገንዘብ በእሳት ላይ ማኖር ነው፡፡ ሞተሩ እንደ ቆመም ሳይሆን ጥቂት ከተነዳና ሬጉሌተሩ ከጋለ በኋላ ደግሞ መለካት ያስፈልጋል፤ ሲቀዘቅዝ የሚሠራ፣ ሲሞቅ የሚያቋርጥ ሬጉሌተር ብዙ ነውና፡፡ ይህ ሁሉ አንድ ሻይ ተጠጥቶ ከሚያልቅበት ጊዜ እምብዛም አይበልጥም፡፡

‹‹የነጋዴ ሥራ መሸጥ ነው፤ መመርመር የመካኒክ ነው፤ ደግሞስ ባትሪ ቶሎ ቢያልቅ የሚጎዳው ማን ነው?›› የሚሉ አይጠፉም፡፡ የዚህን ክርክር ሁለተኛ ክፍል ሰዎች ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነው የሚናገሩት፤ መልስ የሚያስፈልገው ግን እርሱ ነው፡፡ በዓመት ሦስት ባትሪ የሚገዛ ባጃጅ ነጂ ለሱቁ መልካም ደንበኛ መስሎ ይታያል፡፡ ነገር ግን ይህ ሰው ከዕለት ገቢው የተሽከርካሪውን ኪራይ ወይም ዕዳ፣ ቤንዚኑንና የቤተሰቡን እንጀራ የሚያወጣ ነው፤ ባትሪው በሞተበት ቀን ባጃጁን እየገፋ እንጂ ገንዘብ እየሠራ አይውልም፡፡ የሚቀጥለውን ጎማ፣ የሚቀጥለውን ፍሬን የሚገዛበት ገንዘብ ከወዴት ይመጣል? በጨለማ ከሐረጎ ሲወርድ የፊት መብራቱ የጠፋበት ሰው ደግሞ ከዕቃ ዋጋ የሚበልጥ ነገር ሊከፍል ይችላል፡፡ በዚያ ቍልቍለት ላይ የጭነት መኪናዎች ሌሊትም ይመላለሳሉ፡፡

ርካሹን ዕቃ የሚያስመጣ ወይም የሚያከፋፍል ነጋዴ ላይ በችኮላ መፍረድም አይገባም፡፡ በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴንና ኮምቦልቻን በደረሰ ጊዜ ብዙ ሱቆችና መጋዘኖች ተዘርፈዋል፡፡ መደርደሪያው ባዶ የቀረበት ሰው ባለችው ገንዘብ ብዙ ዕቃ ለመደርደር ቢፈልግ የሚያስገርም አይደለም፡፡ ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ደግሞ የአንድ ሣጥን መለዋወጫ ዋጋ በብር ሲሰላ ከፍ ብሏል፡፡ ነገር ግን ይኸው ስሌት ወደ ሌላው ወገንም ያጋድላል፡፡ ምንዛሪው በተወደደ ቁጥር ሦስት ጊዜ የሚገዛ መጥፎ ሬጉሌተር አንድ ጊዜ ከሚገዛው ጥሩ ሬጉሌተር ይልቅ ይወደዳል፤ መጥፎው ሬጉሌተር የሚገድላቸው ባትሪዎች ሲቆጠሩማ ሒሳቡ ግልጽ ነው፡፡

አስመጪው ከአቅራቢው ጋራ ሲጻጻፍ ‹‹ሬጉሌተር፣ ይህን ያህል ፍሬ›› ብሎ ማዘዝ አይበቃውም፡፡ ለየትኛው ሞተር፣ ስንት አምፔር የሚችል፣ ትርፉን ኮረንቲ የሚያሳጥር ወይስ የሚያቋርጥ ዓይነት እንደ ሆነ በጽሑፍ ይጠይቅ፡፡ ናሙናው ሲመጣም በእጁ ይመዝነው፡፡ ከውጭ አንድ የሚመስሉ ሁለት ሬጉሌተሮች በክብደት ሲለያዩ ቀላሉ አብዛኛውን ጊዜ ሙቀት የሚበትነው አሉሚኒየም የጎደለው ነው፡፡ የሽቦውንም ጫፍ በቢላዋ ፋቅ አድርጎ ማየት ይገባል፤ ላዩ መዳብ የተቀባ፣ ውስጡ አሉሚኒየም የሆነ ሽቦ በገበያ ላይ አለና፡፡ ታላላቅ ፋብሪካዎችም እንኳ ከዚህ ስሕተት አላመለጡም፡፡ የጃፓኑ ሱዙኪ እ.ኤ.አ. በ2011 በአሜሪካ የሸጣቸውን በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ ትላልቅ ሞተር ብስክሌቶች የሬጉሌተራቸው ሙቀት በሚገባ ባለመውጣቱ ምክንያት ጠርቶ ዕቃውን ለውጦላቸዋል፡፡ የደሴው ገዢ እንዲህ የሚጠራው የለም፤ የሚያውቀው ዕቃውን የሸጠለትን ሱቅ ብቻ ነው፡፡

‹‹እነዚህ ሞተሮች የሚያልፉ ናቸው፤ በኤሌክትሪክ የሚሠራው እየመጣ ነው›› የሚል ሐሳብም በነጋዴዎች መካከል ይሰማል፡፡ እውነት ነው፤ መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ወስኗል፡፡ ነገር ግን በመንገድ ላይ ያሉት የቤንዚን ሞተሮች በአንድ ቀን አይጠፉም፤ ይልቁንም እያረጁ በሄዱ መጠን መለዋወጫ ይፈልጋሉ፡፡ በኤሌክትሪክ በሚሠራውም ላይ የላላ ማያያዣና ሙቀት ያው ጠላት ነው፤ እንዲያውም በሽቦው የሚያልፈው ኮረንቲ እጅግ ስለሚበዛ የባሰ ነው፡፡ ዛሬ ቴስተር መያዝ የለመደ ሱቅ ያን ጊዜም ሥራ አያጣም፡፡

የሁለቱ ከተሞች የንግድ ምክር ቤቶች በዚህ ነገር አንድ ሥራ ሊሠሩ ይችላሉ፡፡ የወሎ ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት በኮምቦልቻ ይገኛል፤ የኤሌክትሪክ ትምህርትም ይሰጥበታል፡፡ ከየአከፋፋዩ ሱቅ አንድ አንድ ሬጉሌተር ተሰብስቦ ጭነት ተደርጎበት፣ ለአንድ ሰዓት ሠርቶ፣ ቮልቱና ሙቀቱ ተለክቶ ውጤቱ ለአባል ነጋዴዎች ቢነገር ወጪው ብዙ አይደለም፡፡ ምርመራው ከሰኔ በፊት ቢፈጸም ደግሞ ይመረጣል፤ ለመስከረም የሚታዘዘው ዕቃ የሚወሰነው በክረምቱ ወራት ነውና፡፡