ከክረምት በኋላ አልዞር ያለ የስፌት መኪና

በቦንጋና በአካባቢዋ ዝናቡ ከአዲስ አበባው ይልቅ ረዘም ላሉ ወራት ስለሚቆይ፣ ጥግ ተቀምጦ የከረመ የስፌት መኪና በመስከረም ለልጆች የደንብ ልብስ ሲፈለግ አልዞርም ቢል አያስደንቅም። ለልብስ ሰፊ ከመክፈል በፊት ግን እናቶች ጥቂት ነገሮችን ቢመለከቱ ወጪው ይቀርላቸዋል።

በቅድሚያ ጎማውን በጉልበት አይታገሉት። መኪናው በኤሌክትሪክ የሚሠራ ከሆነም ሶኬቱን ይንቀሉ። ጎማው እየዞረ መርፌው ካልተንቀሳቀሰ፣ ቦቢን ሲጠቀለል የሚላላው የጎማው መሐል ማጥበቂያ እንደላላ ቀርቷልና ያጥብቁት። ብዙ ጊዜ ጥፋቱ ይኸው ብቻ ነው! የእግር መርገጫው ብቻውን የሚሠራ ከሆነ የቆዳው ቀበቶ በእርጥበት ረዝሟል፤ በጥቂቱ ቆርጠው እንደገና ያገናኙት።

ጎማው ጨርሶ ከተያዘ፣ በቦቢኑ ቤት የተጠመጠመ ክር ካለ ያውጡ። ከዚያም በዘይት ቀዳዳዎቹ ጥቂት ላምባ ጠብ አድርገው፣ ከእሳት አርቀው ያሳድሩት። በማግስቱ በእጅ ቀስ እያሉ በማዞር የሚወጣውን ቆሻሻ ይጥረጉና የስፌት መኪና ዘይት ይጨምሩ። የወጥ ዘይት ግን ሲደርቅ እንደ ሙጫ ስለሚይዝ ፈጽሞ አይሆንም፤ መኪናውን ያሰረውም ምናልባት አምና የተጨመረው የወጥ ዘይት ይሆናል።

በመጀመሪያ በብጫቂ ጨርቅ ላይ ይስፉ። አለዚያ የዘይቱ ነጠብጣብ በአዲሱ የደንብ ልብስ ላይ ይቀራል።