ሐዲድ ያልደረሰላት ሶዶ ከአያት ምን ትማር?

ወላይታ ሶዶ ዳርቻ ላይ የመሬት ዋጋ ለማናር ሐዲድ አያስፈልግም፤ ወሬ ይበቃል። "በዚህ በኩል አስፋልት ሊወጣ ነው" ወይም "ቢሮው ወደዚህ ሊዞር ነው" ከተባለ ደላላው በማግስቱ ሌላ ዋጋ ይጠራል። በነሐሴ 2015 ዓ.ም. የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ተመሥርቶ ሶዶ የርእሰ መስተዳድሩ መቀመጫ ከሆነች ወዲህ ደግሞ ወሬው ሥራ ፈትቶ አያውቅም። ለጊፋታ ከአዲስ አበባ የሚመጣው ልጅ፣ ውጭ አገር ያለው ዘመድ፣ ትንሽ ጥሪት የቋጠረው ነጋዴ፣ ሁሉም የሚጠይቀው አንድ ነገር ነው፦ "ወዴት በኩል ቢገዛ ይሻላል?"

መልሱን ከሶዶ ሳይሆን ከአዲስ አበባ ምሥራቃዊ ጫፍ፣ ከአያት መጀመር ይሻላል። "ትራንስፖርት ሲመጣ መሬት ይወደዳል" የሚለው እምነት በኢትዮጵያ በከተማ ባቡር የተፈተነው እዚያ ነውና።

የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር መስከረም 9 ቀን 2008 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ። 475 ሚሊዮን ዶላር ወጥቶበታል፤ 85 በመቶው ከቻይና ኤግዚም ባንክ የተገኘ ብድር ነው። አንዱ መስመር ከአያት ጦር ኃይሎች፣ ሌላው ከምኒልክ አደባባይ ቃሊቲ ይደርሳል፤ ሁለቱ ሲደመሩ 34 ኪሎ ሜትር ያህል ናቸው። ቲኬቱ እንደ ርቀቱ 2፣ 4 እና 6 ብር ነበር። መሀል ከተማ ለመግባት ሁለት ቦታ ታክሲ መሰለፍ ለሰለቸው የአያት ነዋሪ ይህ ትልቅ ነገር ነው። አከራዩም ሻጩም "ለባቡር ቅርብ" የምትለውን ቃል ቶሎ ተማሯት።

ቤቱስ ተወደደ? አዎ፣ ተወደደ። ግን ባቡር ጨርሶ ባልደረሰባቸው በጀሞ፣ በቱሉ ዲምቱና በኮዬ ፈጬም ተወዷል። ዋጋውን ያስወነጨፈው በዋናነት የቤት እጥረቱ ነው፤ የብሩ አቅም መዳከምም አለበት፤ ገንዘቡን ከዋጋ ንረት ለማሸሽ ወደ ብሎኬትና ሲሚንቶ የሚሮጠው ሰው ብዛትም እንዲሁ። ባቡሩ በዚህ ላይ የራሱን ጨምሮ ይሆናል፤ ነገር ግን "ባቡሩ አከበረኝ" የሚለው የአያት ባለቤት ጀሞ ያለው ዘመዱ ያለ ባቡር እንዴት እንደከበረ ቢጠየቅ መልስ ያጥረዋል።

ዋናው ትምህርት ግን ከዚያ በኋላ የመጣው ነው። ሥራ ሲጀመር 41 ባቡሮች ነበሩ። ጥቂት ዓመታት እንኳ ሳይቆዩ በመለዋወጫ እጦት አንድ በአንድ መቆም ጀመሩ። መለዋወጫው በዶላር ይገዛል፣ ገቢው በብር ይሰበሰባል፣ ያውም በሁለት ብርና በአራት ብር። በ2015 ዓ.ም. አብዛኞቹ ከአገልግሎት ውጭ ነበሩ። ጣቢያው አለ፣ ሐዲዱ አለ፣ አጥሩም አለ፤ ተሳፋሪው ግን ረጅም ሰዓት ቆሞ ይጠብቃል፤ ሲመጣም ባቡሩ ከአፍ እስከ ገደፉ ሞልቶ ነው። ለባቡር ቅርበት ብሎ ተጨማሪ ገንዘብ የከፈለ ሰው የገዛው ሐዲዱን አይደለም፤ በየአሥር ደቂቃው የሚመጣውን ባቡር ነው። የመጪዎቹን ሃያ ዓመታት አገልግሎት አስቀድሞ ከፍሎበታል ማለት ነው። ሻጩ ግን ብሩን ይዞ ሄዷል።

በመስመሩ ዳር ያሉ ሱቆች ነገርም አለ። ሐዲዱ በብዙ ቦታ በመንገዱ መሀል ታጥሮ ስላለፈ፣ ማዶ ያለው ደንበኛ መሻገሪያ ፍለጋ ብዙ ርቀት መዞር ግድ ሆነበት። ለባቡር መቅረብና ለጣቢያ መቅረብ አንድ አይደሉም፤ ይህን ደላላ አይነግርም።

በሆንግ ኮንግ የባቡር ድርጅቱ በጣቢያዎቹ ዙሪያ የመገንባት መብት ባቡሩ ከመምጣቱ በፊት በነበረው የመሬት ዋጋ ይወስዳል፤ ከዚያ ከአልሚዎች ጋር ገንብቶ ከጭማሪው በሚያገኘው ትርፍ ለሐዲዱ ወጪ ይሸፍናል። በኢትዮጵያ በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሠረት መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ስለሆነ ይህን መሥራት ይበልጥ መቅለል ነበረበት። ሆኖም ዕዳው የሕዝብ ሆኖ ሲቀር የቦታው ጭማሪ አስቀድሞ ለያዘው ሄደ።

አሁን ወደ ሶዶ። ለደቡቡም የአገሪቱ ክፍል ሐዲድ ታቅዶ ነበር። ከሞጆ ተነሥቶ በሻሸመኔና በአርባ ምንጭ በኩል ወደ ኮንሶ የሚወርደው መስመር በመጀመሪያው የዕድገትና ትራንስፎርሜሽን ዕቅድ ዘመን ካርታ ላይ ተሰምሯል። አልተሠራም። ያንን ካርታ አይቶ መሬት ያጠረ ሰው ካለ አጥሩ ሳይበሰብስ አልቀረም። ሶዶን የሚያሰፋት ሌላ ነው፦ ወደ አረካ፣ ወደ ቦዲቲና ወደ ጠበላ የሚወጡት መንገዶች፣ ዩኒቨርሲቲው፣ የክልል ቢሮ ሠራተኛው፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ባጃጅ። የሶዶ ቀላል ባቡር ባጃጅ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም፤ ከተማዋ የምትሰፋው ባጃጅ በዕለታዊ ሰው አቅም እስከሚያደርስበት ድረስ ነው።

ከባዱ ጉዳይ በዚያ ጫፍ ላይ ያለው አርሶ አደር ነው። ወላይታ በአገሪቱ ሕዝብ ተጠጋግቶ ከሰፈረባቸው አካባቢዎች አንዱ ነው፤ ከግማሽ ሄክታር በታች ይዞታ የተለመደ ነው፤ በዚያች መሬት ላይ እንሰቱም፣ ቡናውም፣ አቮካዶውም፣ ላሟም አሉ። ከተማዋ ስትደርስበት ሁለት መንገድ ይቀርበዋል። አንደኛው ካሳ ነው። በአዋጅ ቁጥር 1161/2011 ምትክ መሬት ካላገኘ፣ ካለፉት ሦስት ዓመታት ከፍተኛውን ዓመታዊ ገቢ በ15 አባዝቶ ይሰላለታል። ስሌቱ እንሰቱን ይቆጥራል፤ መሬቱ ነገ አስፋልት ዳር መዋሉን አይቆጥርም። ሁለተኛው መንገድ ደላላው ነው። የገጠር መሬት ስለማይሸጥ ሽያጩ "ብድር" ወይም "ስጦታ" ተብሎ በሽማግሌ ፊት በወረቀት ይፈጸማል። አርሶ አደሩ ከካሳው የተሻለ ስለሚያገኝ ይፈርማል፤ ማን ይፈርድበታል? ገዢው ግን በእጁ ያለው ወረቀት ነው። ማዘጋጃ ቤቱ ቦታውን ለልማት ሲፈልገው የሚያናግረው በመዝገቡ ላይ ስሙ ያለውን ሰው ነው። ያን ጊዜ ሁለት ቤተሰብ በአንዲት ማሳ ይካሰሳል፤ ደላላው አይከሰስም።

ስለዚህ ከተማው አስተዳደር ሊሠራው የሚገባው ሥራ የታወቀ ነው። የከተማዋ መስፋፊያ ፕላን በየቀበሌው ግድግዳ ላይ ተለጥፎ አርሶ አደሩም ገዢውም እኩል ይየው፤ ወሬ ዋጋ የሚኖረው ፕላኑ በመሳቢያ ሲደበቅ ነውና። የተወካዮች ምክር ቤት በ2017 ዓ.ም. ያጸደቀው የንብረት ታክስም በሥራ ላይ ሲውል ታጥሮ ከሚጠብቀው ባዶ ቦታ ቢጀመር ፍትሐዊ ነው። የመምህራን ደመወዝ እስኪዘገይ ድረስ በጀት ያጠረው ዞን መንገድ ሲያወጣ የሚፈጠረውን የመሬት ጭማሪ በሙሉ ለደላላ ሊተው አይችልም።

ለጊፋታ መጥቶ ቦታ ሊያይ የሚሄደው ሰውስ? ከደላላው ጋር ጠዋት በመኪና ከሄደበት ቦታ፣ ማታ ሁለት ሰዓት ላይ ብቻውን በባጃጅ ይመለስበት። ባጃጁ ስንት እንደሚጠይቀው፣ ወይም ጭራሽ "እዚያ አልሄድም" እንደሚለው ይስማ። በማግስቱ ማዘጋጃ ቤት ገብቶ ቦታው በማን ስም እንደተመዘገበ ይጠይቅ፤ ካርታ የለውም ከተባለም ቀብዱን በኪሱ ይዞ ወደ በዓሉ ይመለስ።