ስለ ማታ ጨዋታ

በመርሳ ከተማ ከሥራ በኋላ ጠጅ ቤት ተቀምጦ መጫወት ነውር ነው አንልም፤ እኛም እንወደዋለንና። ምንም እንኳ በችሎት የምንጽፈው የጠብ ክስ ብዙ ጊዜ «ጠጅ ቤት ሳለን» ብሎ ቢጀምር፥ ከጠቡ ይልቅ የምንፈራው የመመለሻውን መንገድ ነው። ከደሴ ወደ ወልድያ የሚያልፈው አውራ ጎዳና ከተማችንን መካከል ለመካከል ይሰነጥቃታል። ነጭ ጋቢ በመኪና መብራት ከሩቅ ይታያል፤ ጥቁር ካፖርት ግን ነጂው የሚያየው ከደረሰበት በኋላ ነው።

ስለዚህ የሚያመሽ ሰው አስቀድሞ እራቱን ይብላ፤ በባዶ ሆድ የተጠጣ ጠጅ ፈጥኖ ራስ ላይ ይወጣልና። አብረው የወጡም አብረው ይመለሱ፤ የጎዳናውን ግራ ዳር ይዘው፥ ፊታቸውን ወደሚመጣው መኪና አድርገው ይሂዱ።

እመቤቶች ሆይ፤ ባላችሁ ሰክሮ ቢመጣ በሩን አትቈልፉበት። ቍጣውን ለነገ አቈይታችሁ ውሃ ስጡት፤ ቢያስመልሰው እንዳይታነቅም በጎኑ አስተኙት።