ሽማግሌ በቤት ሳለ

በቀዳማይ ወያነ የምንኖር ልጆች የሰፈራችንን ስም በየቀኑ እንጠራለን፤ ስሙ ከምን እንደ መጣ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። እኔም ከማይጠይቁት አንዷ ነበርሁ። በ1935 ዓ.ም. ብላታ ኃይለ ማርያም ረዳ ለመሩት የትግራይ ገበሬዎች ዓመፅ መታሰቢያ መሆኑን የነገሩኝ አያቴ ናቸው። እኛ የልጅ ልጆቻቸው «አቦይ» እንላቸው ነበር። ባለፈው ዓመት በ92 ዓመታቸው ዐረፉ።

ያን ዓመፅ ለማብረድ የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት እንግሊዞችን ርዳታ ጠየቀ፤ በ1936 ዓ.ም. መግቢያም ከዓደን የተነሡ የእንግሊዝ አውሮፕላኖች መቀሌን ደበደቡ። አቦይ በዚያ ጊዜ የ11 ዓመት ልጅ ነበሩ። ከእናታቸው ጋር ቅቤ ሊሸጡ ገበያ ወጥተው ሳለ ቦምብ ወደቀ፤ እናታቸው በላያቸው ተደፍተው አተረፏቸው።

ይኸው ልጅ ካደገ በኋላ የክብር ዘበኛ ወታደር ሆኖ በ1945 ዓ.ም. ከሦስተኛው የቃኘው ሻለቃ ጋር ወደ ኮርያ ዘመተ። ወደዚያ ከሄዱት ከ6,000 በላይ ኢትዮጵያውያን ከ120 የሚበልጡት ወደቁ፤ አንድም ሰው ግን አልተማረከም። ወታደሮቹ ከደመወዛቸው እያዋጡ ወላጆቻቸውን በጦርነት ያጡ የኮርያ ሕፃናትን ይረዱ ነበር። አቦይ ከሜዳሊያቸው ይልቅ በዚህ ይኰሩ ነበር።

እኛንም ያሳደጉን በዚሁ ልብ ነው። በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት፣ ከዚያም በጦርነቱ፣ ሦስት ዓመት ያህል ከትምህርት ተለይተን ስንቀመጥ፣ አቦይ በየቀኑ ከደጃፍ ተቀምጠው «እጅሽ ፊደል እንዳይረሳ» እያሉ አንድ አንድ ገጽ ያስጽፉኝ ነበር። እህል ባነሰ ጊዜም ከድርሻቸው ቆርሰው ይሰጡንና «እኔ ጠግቤአለሁ» ይሉን ነበር።

በ2014 ዓ.ም. አንድ ቀን አውሮፕላን በከተማችን ላይ ሲያንዣብብ፣ «አቦይ፣ በልጅነትዎ ያን አይተው ሳለ እንዴት ለዚያው መንግሥት ወታደር ሆኑ?» ብዬ ጠየቅኋቸው። ጥቂት ዝም ብለው፣ «ልጄ፣ አውሮፕላኑን አልረሳሁም። ኮርያ ላይ በቆሰልሁ ጊዜ ተሸክሞ ያወጣኝን የጎጃም ልጅም አልረሳሁም። አንዱን ብቻ ብነግርሽ ግማሹን ደበቅሁሽ ማለት ነው» አሉኝ።

ደብተሬ በእጄ ነበር፤ ይህን ግን አልጻፍሁትም። የዚያን የጎጃም ልጅ ስምም አልጠየቅሁም። ደብተሩ እስከ ዛሬ አለ። የሒሳብ ጥያቄና ከመጻሕፍት የገለበጥሁት ሞልቶበታል፤ ስለ አቦይ ሕይወት ግን አንድ መስመር እንኳ የለበትም። አሁን ማንን ልጠይቅ?

አንዳንድ ሰዎች «የቆየ ቁስል አይነካ፤ ቂም ይወልዳል» ይላሉ። እኔ በዚህ አሳብ አልስማማም። ቂም የሚወልደው ግማሽ ታሪክ ነው። ስለ ቦምቡ ብቻ የሰማ ልጅ ጥላቻን ይማራል፤ ስለ ሜዳሊያው ብቻ የሰማም በባዶ ይመካል። ሁለቱን በአንድ ሰው አፍ የሰማ ግን ሰውን በሰውነቱ መመዘን ይማራል። ይህንም ትምህርት በየቤታችን ያሉ ሽማግሌዎችና ባልቴቶች ያለ ክፍያ ሊሰጡን ዝግጁ ናቸው።

ስለዚህ እናንተ የትምህርት ጓደኞቼ፣ ከመጪው ክረምት በፊት እያንዳንዳችን ከአንድ አረጋዊ ዘንድ ተቀምጠን የነገሩንን እንጻፍ። የሰዎቹንም ስም ጭምር መጠየቅ አይዘንጋ። ክቡራን መምህሮቻችን፣ ለዚህ ጽሑፍ በየዓመቱ ከዚህ መጽሔት ጥቂት ገጾች ይፈቀዱልን፤ የቀረውም በቤተ መጻሕፍታችን ይቀመጥ። ወላጆቻችንም፣ ሽማግሌዎቹ መናገር ሲጀምሩ «ልጆቹን አታሰልቿቸው» አትበሉብን። አንሰለችም፤ ብንሰለችም እንኳ ኋላ የሚቈጨን እኛው ነን።